የምትንዘፈዘፈው መኪናና ሁለቱ አበልጆች

አንድ ሰው ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም፤ ምን ያደርግላችኋል? ስሙን ብጠራው "እገሌ ነው እንዴ?" እያላችሁ ስትተያዩ ዋናው ነገር ያመልጣችኋል። መምህር ነበረ በሉ። ደሴ ከተማ ጂኦግራፊ ሲያስተምር የኖረ፣ የተከበረ፣ ባለ ትዳር፣ የጽዋ ማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢ። ሲናገር የሚደመጥ፣ ዝም ሲል ደግሞ "ምን አስቦ ነው ዝም ያለው?" የሚባልለት ሰው።

ይህ ሰው መኪና ነበረችው። ከፍ ያለች፣ ሰባት ሰው የምትጭን፣ ማርሿን ራሷ የምትቀይር፤ ኤስዩቪ የሚሏት ዓይነት። በደጉ ዘመኗ የሰፈሩ ሰው ቆሞ ያያት ነበር። አሁን አርጅታለች፤ እንደ እኔ።

ሳቁ፣ ሳቁ። ስታረጁ እናያለን።

መኪናዪቱ አንድ አመል አወጣች። ሲያስነሷት ደህና ናት። ቀስ ሲሏት ደህና ናት። ፈጥና ስትሄድም ደህና ናት። ግን በሰዓት ሃምሳና ስልሳ ኪሎ ሜትር መካከል ላይ ስትደርስ፣ ነዳጁን ለስለስ አድርገው ሲረግጡላት፣ ከሥሯ ትንዘፈዘፋለች። መሪው ይርገበገባል፣ ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፣ መስተዋቱ ይንቀጫቀጫል። አስፋልት ላይ እኮ ነው! ለአምስት ለስድስት ሴኮንድ እንዲህ ትሆንና ምንም እንዳልተፈጠረ ጸጥ ትላለች።

ሰውየው ምን አደረገ? ለመደው። ወይ አርባ አምስት ላይ ይቆያል፣ ወይ ነዳጁን ደፍጥጦ ስልሳን ያሳልፋታል። ባለቤቱ ወይዘሮ ትርንጎ መጀመሪያ ላይ ትጠይቀው ነበር።

"ምንድን ነው እሱ?"

"መንገዱ ነው።"

"መንገዱማ አስፋልት ነው!"

"እንግዲያው ጎማው ነዋ!"

ኋላማ እሷም ለመደች፤ ልጆቹም ለመዱ። እንግዳ ተሳፍሮ በድንጋጤ የበሩን እጀታ ሲይዝ ቤተ ሰቡ ሁሉ ባንድ አፍ "አይዞህ፣ ያልፋል" ይለዋል።

እስቲ ልጠይቃችሁ። እናንተ ቤት "አይዞህ፣ ያልፋል" እየተባለ የሚታለፍ ነገር የለም? ቆይ፣ አትመልሱልኝ። መጀመሪያ ይህ ነገር ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

መምህሩ ውብሸት የሚባል አብሮ አደግ ነበረው። ውብሸት መካኒክ ነው። በዚያን ጊዜ ደሴ ውስጥ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ነገር ሲነሣ "ወደ ውብሸት ውሰደው" ነበር የሚባለው። የመምህሩን የበኩር ልጅ ቃለአብን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። አበልጅ ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስተምርም፤ ወንድም ነው፣ ያውም በእግዚአብሔር ፊት የተያዘ ወንድም።

አንድ ክረምት መምህሩ ከወልዲያ ወዲያ ማዶ ለዘመድ ሠርግ ሊሄድ ተነሣ። ውብሸት ሰምቶ መጣ።

"አበልጄ፣ በአሮጌው መንገድ እንዳትወስዳት። ድንጋዩ ከሥር ይመታታል። አደራ፣ ዋናውን መንገድ ያዝ። ደግሞ የካምቢዮዋን ዘይት ከኔ በቀር ማንም እንዳይነካው። ይቺ መኪና የራሷ ዘይት አላት፤ ሌላ ከገባባት ውስጧን ይልጣታል።"

"እሺ፣ እሺ" አለ መምህሩ።

የትኛውን መንገድ የያዘ ይመስላችኋል? አሮጌውን! ይቀርባላ! መምህር አይደል፣ ካርታ የሚያስተምር፣ መንገድ ማን ያሳየዋል? እንደተባለውም ድንጋይ ከሥር መታት፤ የካምቢዮዋ ዘይት መንጠባጠብ ጀመረ። በመንገድ ዳር ከባድ መኪና የሚጠግን አንድ ጎልማሳ አገኘ። ጎልማሳው የሚያፈሰውን ደፈነለትና ከጄሪካን ዘይት አውጥቶ ሞላለት።

"ይሄ ዘይት ለሷ ይሆናል?" አለ መምህሩ።

"ዘይት ዘይት ነው ጋሼ።"

ስልክ በእጁ ነበር። ኔትወርክም ነበር። "ውብሸት፣ እንዲህ ሆነብኝ፣ ምን ላድርግ?" ለማለት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ግን አልደወለም። ቢደውል "በአሮጌው መንገድ ሄድክ?" መባሉ ነዋ! ሠላሳ ዓመት ሌላውን ሲያርም የኖረ ሰው መታረም ሞት ሆነበት። ደሴ ሲመለስም አልነገረውም። ነገ፣ ሲል ነገ፤ ሳምንት፣ ሲል ሳምንት። መኪናዪቱም መጀመሪያ ላይ ምንም አላለችም። በሦስተኛው ወር ትንሽ ተንዘፈዘፈች። በስድስተኛው ወር ግን አላስቀምጥ አለችው። የግዱን ወደ ውብሸት ጋራዥ ወሰዳት።

ውብሸት ነዳት፤ ሰማት። ወረደና አንዲት ጥያቄ ጠየቀው።

"አበልጄ፣ የሌላ ሰው እጅ ነክቷታል? ሌላ ዘይት ገብቶባታል?"

ወገኖቼ፣ እዚህ ጋ ቁሙልኝ። ይህ ሰው ሌባ አልነበረም። ነፍሰ ገዳይ አልነበረም። ጿሚ ነበር፣ አስቀዳሽ ነበር። ከፊቱ የቆመውም ዳኛ አልነበረም፤ የሚወደው፣ የሚሳሳለት አበልጁ ነው። ቢነግረው ምን ይመጣበት ነበር? ትንሽ ቁጣ። "አንተ ደረቅ!" ይለዋል፤ ይስቃሉ፤ አብረው ምሳ ይበላሉ። በቃ።

"አልገባም" አለ።

ውብሸት "እሺ" አለ፤ ከመኪናዪቱ ሥር ገባ፤ ዘይቱን አወረደ። ወጥቶ እጁን በጨርቅ ደጋግሞ ጠረገ። ከዚያ አጠባት፤ አዲስ ዘይት ሞላት። በሳምንቱ እንደገና አጠባት። መንዘፍዘፉ ቀነሰ፤ ግን አልጠፋም። ውስጧ የተላጠውን ዕቃ መቀየር ያስፈልጋል፤ ዕቃው ደግሞ ደሴም የለ፣ አዲስ አበባም የለ። ውብሸት "ከዚህ በላይ አልችልም፣ አበልጄ" ብሎ ቁልፉን ሰጠው።

እስካሁን የተበላሸው መኪና ነው። መኪና ብረት ነው። አሁን ግን ስሙኝ።

በወሩ ማኅበር ሆነ። ውብሸት የዚያ ማኅበር አባል አልነበረም። ጠላው እየተቀዳ፣ ዳቦው እየተቆረሰ፣ ጨዋታው ሲሞቅ አቶ ይታገሱ የሚባሉ አንጋፋ አባል መምህሩን ጠየቁት።

"ያቺ መኪናህ ዛሬም ስትንዘፈዘፍ አየኋት። ውብሸት አልነበረም እንዴ የያዛት?"

"ነበር።"

"ታዲያ እሱ ነካክቶ ነው እንዴ እንዲህ የሆነችው?"

ሰው ሁሉ ዞሮ መምህሩን አየው። "የለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ማለት ይችል ነበር። አራት ቃል ነው! እሱ ግን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ እንዲህም አለ።

"ኤዲያ፣ አበልጄ ነው፤ ምን እላለሁ?"

አያችሁልኝ? አላማም። ስም አላጠፋም። ቢከሱት ጠበቃ አያስፈልገውም፤ አንዲት የሐሰት ቃል አልወጣችውም። ግን ያች ትንፋሽ ከምስክር በላይ መሰከረች። "አይ መምህር! እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው! መኪናውን ገድሎበት እንኳ ስሙን አያነሣም" ተባለ። ሙሴው ተመሰገነ። በዚያችው ቅጽበት ውብሸት ተፈረደበት።

እኛ ይህን እናውቅበታለን፤ አናውቅበትም? "ተዉኝ እስቲ፣ አታናግሩኝ።" "እሱን እግዚአብሔር ይየው።" "ወንድሜ ነው፣ ገበናውን አላወጣም።" ይህን ብለን ከንፈራችንን መጥጠን ዝም ስንል ሰውየው አለቀለት! አፋችን ንጹሕ ነው፤ እጃችን ንጹሕ ነው፤ ሰውየው ግን መንገድ ላይ ወድቋል።

ወሬው ከማኅበር ወደ ገበያ ወረደ፤ ከገበያ መናኸሪያ ገባ። "ውብሸት እጁ ከድቶታል።" "የገዛ አበልጁን መኪና ያልማረ የኔን ይምራል?" በመጀመሪያው ወር ሁለት ደንበኛ ቀረ። በሦስተኛው ወር ጋራዡ ባዶ ሆነ። መምህሩ በዚያ በኩል ሲያልፍ ውብሸት በር ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ሰላም ይባባላሉ። "ቃለአብ ደህና ነው?" ይለዋል ውብሸት። "ደህና ነው" ይላል መምህሩ። ያልፋል። በዓመቱ ውብሸት መፍቻዎቹን ሸጠ፤ ጋራዡን ዘጋ፤ "ቆላ ወረደ" ተባለ። መምህሩ ያን ቀን ምሳ አልበላም፤ ትርንጎ "ምን ሆነህ ነው?" ብትለው "ሆዴን" አላት።

አራት ዓመት አለፈ። ቃለአብ ተመረቀ፣ ሥራ ያዘ፣ ሊያገባ ሆነ። የሚጠሩ ሰዎች ስም ሲጻፍ ልጁ ቀና አለ።

"አባዬ፣ የክርስትና አባቴስ?"

"ሩቅ ነው ያለው። አፋር፣ ሎጊያ ነው አሉ።"

"ሎጊያ ቢሆንስ? ያለ ክርስትና አባቴ አልሞሸርም። በስልክ ሳይሆን አንተ ራስህ ሄደህ ጥራልኝ።"

እንግዲህ ማምለጫ የለም። ሰውየው ያችኑ መኪና አስነሥቶ በባቲ በኩል ወደ ቆላ ወረደ። መንገዱን ሙሉ ሃምሳ በደረሰ ቁጥር ተንዘፈዘፈች። ብቻውን ነበር፤ "ያልፋል" የሚለው ሰው አብሮት አልነበረም።

ሎጊያ ሲደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጠይቆ ጠይቆ አገኘው። በሸራ ጥላ ሥር፣ ውሃ በተሞላ ግማሽ በርሜል አጠገብ፣ ውብሸት ጎሚስታ ሆኖ ተቀምጧል፤ ጎማ ይለጥፋል። ያ የካምቢዮ ሊቅ! ከስቷል፤ ጠቁሯል። ሲያየው ብድግ ብሎ አቀፈው።

"አበልጄ! ገና ከመታጠፊያው ሰማኋት እኮ፤ ዛሬም አመሏ አልተዋትም!"

መምህሩ ሊስቅ ሞከረ፤ አልቻለም። "ለምን ጎማ?" አለው። "አንተን የሚያህል ሰው?"

ውብሸት የያዘውን የጎማ ካላማዳሪ ውሃው ውስጥ ነከረና አሳየው። "ጎማ ጥሩ ሥራ ነው። ለጥፌ ውሃ ውስጥ እከተዋለሁ፤ አረፋ ካልወጣው ድኗል። ባለቤቱ ቆሞ በዓይኑ ያያል። ማንም ማንንም አያማም።"

በዚህ ጊዜ መምህሩ እዚያው አንድ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

"ያን ጊዜ ሌላ ዘይት ገብቶባታል ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር።"

"አዎ።"

"ገብቶ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ ውብሸት።

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"የዚያኑ ዕለት። ገና ዘይቱን ሳወርደው። ቀለሙ ሌላ፣ ሽታው ሌላ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከመኪና ሥር የተኛሁ ሰው ይህን ካላወቅሁ ምኑን መካኒክ ሆንኩት? ከመንገድ በተመለስክ ማግስት ብትመጣ ኖሮ በአንድ ቀን ትድን ነበር። ስድስት ወር ነዳሃት፤ አለቀች።"

"ታዲያ ስታውቅ ለምን አልተናገርክም?"

"አንተን ጠየቅሁህ እኮ!" አለ ውብሸት። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ። "አልገባም አልከኝ። ከዚያ በኋላ ምን ልበል? የክርስትና ልጄ አባት ዋሸኝ ብዬ መናኸሪያ ላይ ላውራ? ቃለአብ ያኔ ገና ተማሪ ነው፤ ካንተ ሌላ ሰው ያለ አይመስለውም። ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል እያልኩ ጠበቅሁህ። ማኅበር በወጣችሁ ቁጥር፣ አሁንስ ነግሯቸው ይሆናል እላለሁ። መፍቻዎቼን ስሸጥ እንኳ ትመጣለህ ብዬ መንገድ መንገዱን አይ ነበር።"

መምህሩ እግሩ ላይ ወደቀ፤ አለቀሰ። ውብሸት አነሣው።

"ይቅር ብዬሃለሁ፤ ቆየ። አሁን አይደለም፤ ድሮ ነው ይቅር ያልኩህ። ስሜን ግን እኔ ላመጣው አልችልም። እሱ ያለው አንተ ዘንድ ነው።"

ውብሸት ለሠርጉ መጣ። ቃለአብ ጉልበቱን ስሞ ተመረቀ። በማግስቱ ማኅበሩ መምህሩ ቤት ነበረና ውብሸትም በእንግድነት በር አጠገብ ተቀመጠ። መምህሩ ተነሥቶ ቆመ። ሁሉንም ተናገረ። አሮጌውን መንገድ፣ ጄሪካኑን፣ "አልገባም" ያለውን፣ ያችን ትንፋሽ። አንድም አላስቀረም። "መኪናዬን ያበላሸሁ እኔ ነኝ። ውብሸት ንጹሕ ነው" አለ።

አቶ ይታገሱ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ተነሡ። መምህሩን አቅፈው ጉንጩን ሳሙት።

"አያችሁ? አያችሁ ይህን ሰው? ልጁን ዳረና ደስ ቢለው የአበልጁን ጥፋት በራሱ ላይ ወሰደ! ሙሴ ማለት እንዲህ ነው!"

"እውነቴን ነው!" አለ መምህሩ።

"እናውቃለን፣ እናውቃለን፤ ትሑት ነህ።"

"በማርያም እውነቴን ነው!"

"ኧረ አትማል! የድሮ ነገር ነው፤ ውብሸትንም ይቅር ብለነዋል።"

ይቅር ብለነዋል! ሰማችሁ? ውብሸትን ይቅር አሉት! ሰውየው በማለ ቁጥር ምስጋናው ጨመረ። ባለቀሰ ቁጥር "እንዴት ያለ ልብ ነው!" አሉት። ዞሮ ወደ በሩ ቢያይ ውብሸት ፈገግ ብሎ መሬት መሬቱን ያያል። በማግስቱ ጠዋት መምህሩ መናኸሪያ ድረስ ሸኘው። "ግድ የለህም፤ ሞክረሃል" አለው ውብሸት፤ አውቶቡሱ ላይ ወጣ፤ ወደ ጎማው ተመለሰ።

መምህሩ ዛሬም ድረስ ማኅበር በመጣ ቁጥር ይነግራቸዋል። አሁን አሁንማ አንዳንዶቹ እየተጠቃቀሱ "መምህሩ እርጅናው ተጫነው" ማለት ጀምረዋል።

ወገኖቼ፣ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" እንላለን። እኔም ስንት ጊዜ እዚሁ ቆሜ ብያችኋለሁ። ዛሬ ግን ልክደው ነው። ለዚህ ሰው እያደር አልጠራም፤ እያደር ደፈረሰ። ጥፋቷን የደበቀ ቀን ብትነገር የአንድ ደቂቃ እፍረት ነበረች። በስድስት ወሯ መኪና በላች። ከዚያ በዓመቷ ጋራዥ በላች። አራት ዓመት ቆይቶ እውነቱ ራሱ መጥቶ ደጅ ቢያንኳኳ የሚከፍትለት ጠፋ።

ንስሐ ጊዜ የለውም ትሉኝ ይሆናል፤ እግዚአብሔር ሁልጊዜ ይቀበላል። ልክ ነው፤ እሱ ይቀበላል። ውብሸትም ተቀብሏል። ሰሚው ግን እግዚአብሔር አይደለም! ገበያው እግዚአብሔር አይደለም! እናንተ በትንፋሻችሁ የበተናችሁትን እሱ በሌሊት ወርዶ ይልቀምላችሁ?

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። በእናንተ ምክንያት ዝም ብሎ የሚሸከም ሰው የለም? በመሥሪያ ቤት የእናንተ ስሕተት በሱ ስም ተጽፎ፣ እናንተ ዕድገት ስታገኙ የቀረ? ወንድማማች ሆናችሁ አባታችሁ የተቀየሙት እሱን፣ ጥፋቱ ግን የእናንተ የሆነ? የቤት ሠራተኛ በእናንተ ዕቃ መጥፋት ተባርራ፣ ዕቃው በኋላ ከሣጥን ሥር ተገኝቶ "ኤጭ፣ ሄዳለች እኮ" ብላችሁ የተዋችሁት የለም? እሷ የት እንዳለች ታውቃላችሁ? በምን ስም እንደምትጠራ ታውቃላችሁ?

ያ ሰው የማያውቅ አይምሰላችሁ። ያውቃል። ብዙ ጊዜ ያውቃል። ስለሚወዳችሁ፣ ወይ ስለሚያፍርላችሁ፣ ወይ አቅም ስላጣ ዝም ብሎ ነው። ይጠብቃል። እኔን የሚያስለቅሰኝ ይኸ መጠበቁ ነው።

ደግሞ እሱን ብቻ በጓዳ "ይቅር በለኝ" ብላችሁ እንዳትመለሱ። ያ ቀላሉ ነው። የሰሙት ዘንድ ሂዱ። ከንፈራችሁን የመጠጣችሁበት ቤት ሂዱ። ገና ሊያምኗችሁ በሚችሉበት ጊዜ ሂዱ።

አሁን ከመካከላችሁ አንድ ስም ትዝ ያለው አለ። ፊታችሁ ላይ አያለሁ፤ ስብከቱ ቶሎ በተፈጸመ ያላችሁም አላችሁ። እሺ፣ ጨርሻለሁ። መዝሙሩን ትንሽ አስረዝምላችኋለሁ። ስልካችሁን ይዛችሁ በዚያ በጎን በር ውጡ፤ ማንም ዞሮ አያያችሁም፣ እኔም አልቀየምም። ደውላችሁ ስትመለሱ አብረን እንጸልያለን።